ስለ ጥንታውያን የሞላ ሰዓቶች፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አደባባይ እስከ መንዝ ቤት ግድግዳ

በአገራችን ጥንታዊ ዕቃ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የብራና መጽሐፍ፣ የነሐስ መስቀል፣ ጋሻና ጎራዴ፣ የቀንድ ዋንጫና ይህን የመሳሰለው ነው። የግድግዳ ሰዓትን ከዚህ ጋር የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። ሰዓት የውጭ አገር ሠራተኛ የሠራው፣ ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ነው፤ ሲበላሽም ከጓዳ ይጣላል። ነገር ግን በሸዋ ደጋ የሞላ ሰዓት ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ስለዚሁ ለመጻፍ ያሰብሁት፣ በመንዝ፣ በግሼና በመራቤቴ በየዘመዶቻችን ቤት ተሰቅለው የቀሩት አሮጌ ሰዓቶች አንድ በአንድ ከግድግዳ እየወረዱ በመሄድ ላይ ስለ ሆኑ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ሞላ ማለት ተጠቅልሎ ሲጠብቅ ኃይል የሚይዝ፣ ሲላላም ያንኑ ኃይል ቀስ በቀስ የሚለቅ የብረት ጥቅል ነው። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው፤ ሰዓት «መሙላት» ከሚለው ከራሳችን ግሥ ጋር መግጠሙ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ሞላው ጥርስ ያላቸውን መንኰራኵሮች ይገፋል፤ መንኰራኵሮቹ በአንድ ጊዜ እንዳይለቀቁ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ፔንዱለም በየምቱ አንድ ጥርስ ብቻ እያሳለፈ ይይዛቸዋል። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው የመያዝና የመልቀቅ ድምፅ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 የገዙ፣ አባቶቻቸው ከመንዝ የተነሡ ንጉሥ ናቸው። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት በካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሐሪስ የሚመራ መልእክተኛ ከሕንድ ወደ ሸዋ ላከ። ሐሪስ ይዞት ከመጣው እጅ መንሻ ዋናው 300 ጠመንጃ ከነሳንጃው ነበር። ነገር ግን በአንኮበር አካባቢ በንጉሡ አዳራሽ ስጦታው በቀረበበት ቀን የታየው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። ወለሉን የሸፈነ ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻልና የሕንድ ጥልፍ፣ በመሣሪያ የሚጨፍሩ የቻይና አሻንጉሊቶች ቀረቡ። የእንግሊዝ ወታደሮችም መካከል ገብተው የጠመንጃ ሰልፍ ሲያሳዩ፣ ያጌጡ ሰዓቶች ደወላቸውን ያሰሙ፣ የሙዚቃ ሣጥኖችም የእንግሊዝን የንጉሣውያን መዝሙር ይጫወቱ ነበር። ሐሪስ ይህን ሁሉ በ1844 በለንደን ባሳተመው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ጽፎታል፤ ንጉሡም እጅግ ተደንቀው ምስጋናቸውን የሚገልጹበት ቃል እንዳጡ ይናገራል። በዚያው በ1841 በኅዳር ወር በአንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

የሐሪስን መጽሐፍ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ በዚህ ቦታ ላይ ጥቂት ቅር ሊለው ይችላል። ጸሐፊው የንጉሡን መደነቅ እንደ ሕፃን መደነቅ አድርጎ የሚያሳይ ይመስላልና። እኔ ግን ነገሩ ሌላ ይመስለኛል። በዚያ ቀን ሰዓቶቹ ከሻልና ከአሻንጉሊት ጋር ተደባልቀው የቀረቡት ሰዓት ለመንገር ሳይሆን ለጌጥ ነው፤ ለጌጥ የመጣን ነገር እንደ ጌጥ ማድነቅ ዕውቀት ማነስ አይደለም። በዓለም ታሪክም ሰዓት ከነገሥታት ወደ ነገሥታት የሄደው ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ ነው። በ807 የባግዳዱ ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ ለፍራንኮች ንጉሥ ለሻርለማኝ የላከው የነሐስ የውሃ ሰዓት፣ በየሰዓቱ ትንንሽ ኳሶችን እየጣለ የሚያቃጭል፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላም ዐሥራ ሁለት ፈረሰኞችን በመስኮቱ የሚያወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ አፉን ከፍቶ የተመለከተው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለኛ የሚጠቅመው ምሳሌ የቻይና ነው። ማቴዎ ሪቺ የተባለው ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ በ1601 ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ለዋንሊ የሚደውሉ ሰዓቶች አበረከተ። ሰዓት ግን ካልተሞላ ይቆማል። ስለዚህ ሪቺና ጓደኛው ለቤተ መንግሥቱ ጃንደረቦች ሰዓቶቹ እንዴት እንደሚሞሉና እንዴት እንደሚጠበቁ አስተማሯቸው፤ በዚህም ምክንያት በፔኪን ለመቀመጥ በር ተከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ የቻይና ነገሥታት ሰዓት በመሰብሰብ የታወቁ ሆኑ፤ የሰበሰቡትም ዛሬ በፔኪን ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጥቶት ይታያል። ክምችቱ ሊቈይ የቻለው ከዕቃው ጋር ዕቃውን የሚሞላና የሚጠግን ሰው አብሮ ስለ ተዘጋጀ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በዚያ ዘመን የሸዋ ሰው ያለ ሰዓት እንዴት ጊዜን ያውቅ ነበር? ይህን ሳናይ ሰዓት በመንዝ ቤት ምን እንዳደረገ ልንረዳ አንችልም። ገበሬው ቀኑን በሥራውና በፀሐይ ከፋፍሎታል፤ ዶሮ ሲጮህ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ማለዳ፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ተሲያት፣ ከብት ሲገባ እያለ ይቈጥራል። ካህናቱ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ሒሳብ አላቸው። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አንድ ዕለት ስድሳ ኬክሮስ ይባላል፤ ስለዚህ አንዱ ኬክሮስ ሃያ አራት ደቂቃ ነው ማለት ነው። የጸሎቱም ጊዜ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት ተመድቧል። ቀን በፀሐይ ሰዓቱን ለማወቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ የገዛ ጥላውን በጫማው ይለካል፤ ጥላው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የየወሩን ልክ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በብራና ተጽፎ ይገኛል። በኛ አገር በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ ቀትር ላይ በአናታችን ትክክል የምትቆምበት ጊዜ ስላለ ጥላው ከእግር በታች ይገባል፤ በታኅሣሥ ግን ቀትር ላይም ቢሆን ይረዝማል። በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ አካዝ የጥላ ደረጃ ያነበበ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሌሊቱን የሚያሳውቀው ዶሮና ኮከብ ነው፤ መንደሩን የሚቀሰቅሰውም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የተንጠለጠለው የድንጋይ ደወል ነው።

እንግዲህ ሰዓት ወደ ሸዋ የመጣው ጊዜን ወደማያውቅ ሕዝብ ዘንድ አይደለም። እንዲያውም ጠቡ የተነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱ የሚቈጥረውና አገሩ የሚቈጥረው አልተገናኘም። የኛ ቀን ከንጋት ይጀምራል፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ስትቆይ አንድ ሰዓት እንላለን። የአውሮፓው ቀን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ በመካከሉ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። የኛ አቈጣጠር ለአገራችን የተስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመንዝ ከሁሉ የሚረዝመው ቀን ከሁሉ ከሚያጥረው የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በለንደን ግን የክረምቱ አጭር ቀን ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የበጋው ረጅም ቀን ከዐሥራ ስድስት ሰዓት ያልፋል። በዚያ አገር ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ልቈጥር ቢሉ አይሆንላቸውም።

ሰዓቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዐሥራ ሁለት ብቻ ስለ ሆኑና ልዩነቱ በትክክል ግማሹ፣ ማለት ስድስት ስለ ሆነ፣ ብልህ ሰው መላ አገኘ። በአውሮፓ አቈጣጠር የተሞላ ሰዓት ሲያይ ቈጣሪው ከሚያመለክተው ቁጥር ፊት ለፊት ያለውን ያነባል። ትንሹ ቈጣሪ ሰባት ላይ ቢሆን ከሰባት ትይዩ አንድ አለ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ይህ ለዓይን ቀላል ነው። የሚደውል ሰዓት ግን ሰባት ጊዜ ይመታል፤ ጆሮ ደግሞ ተገላብጦ መስማት አይችልም። ስለዚህ የደወል ሰዓት የገዛ ባላገር ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ቤተሰቡን ሁሉ በባዕድ ቁጥር ማስለመድ፣ ወይ ሰዓቱን በአገሩ ጊዜ መሙላት። በመንዝ ጌራ በአያቴ ቤት የነበረው የግድግዳ ሰዓት በአገሩ ጊዜ የተሞላ ነበር። ሌሊት ነቅተን ስድስት ጊዜ ሲመታ ስንሰማ እኩለ ሌሊት መሆኑን እናውቃለን፤ ዐሥራ አንድ ሲመታ አያቴ ተነሥተው ነጠላቸውን ያጣፋሉ። የሰዓቱን ቁልፍ ከእርሳቸው በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም።

ይህ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት የመግፋት ሥራ ራሱ ጥንቃቄ አለበት። በብዙ አሮጌ የደወል ሰዓቶች የምቱን ቁጥር የሚወስነው አንድ ጠርዙ የተቦረቦረ መንኰራኵር ነው፤ እርሱም ቈጣሪዎቹ የት እንዳሉ አያይም፤ ተራውን ብቻ ይከተላል። ስለዚህ ቈጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ ወይም ሳያስመቱ ማሳለፍ ምቱን ከቁጥሩ ያለያየዋል። ሰዓቱን ከዐሥራ ሁለት ወደ ስድስት ለማምጣት በየሰዓቱ እየቆሙ እስኪጨርስ ማስመታት ነው፤ ከአንድ እስከ ስድስት ሲደመር የሰዓቱ ምት 21 ይሆናል። የግማሽ ሰዓት ምት ያለው ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ባለማወቁ ደኅናውን ሰዓት «አብዷል» ብሎ ያወርደዋል።

የሰዓቱና የአገሩ አለመስማማት በቁጥር ብቻ አይደለም። በፊዚክስ ትምህርታችን የፔንዱለም ፍጥነት የሚወሰነው በርዝመቱና በመሬት ስበት መሆኑን ተምረናል። የፔንዱለም ሰዓትን ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 አስገኘ። ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመራማሪ በ1672 ሰዓቱን ይዞ ከፓሪስ ወደ ደቡብ አሜሪካ ወደ ካየን ቢሄድ፣ በፓሪስ ትክክል የነበረው ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀር አገኘው። ካየን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በዚያም የመሬት ስበት ከፓሪስ ያነሰ ነው። ኒውተንም መሬት በወገቧ በኩል የተነፋች መሆኗን ሲያስረዳ ይህን ነገር ጠቅሶታል። ይኸው ሒሳብ ለኛ ደጋ ቢሠራ፣ መንዝ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነ፣ ከዚያም በላይ ከባሕር ወለል ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ስለሚደርስ፣ ከለንደን በቀጥታ የመጣ የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። በወር ከአንድ ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ከፔንዱለሙ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙሮ ክብደቱን ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። በፔንዱለም ፈንታ በትንሽ ክብ ሚዛን የሚሠሩት የኪስና የጠረጴዛ ሰዓቶች ይህ አያገኛቸውም።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የብረት ዘንግ ሲሞቅ ይረዝማል፤ የአየሩ ሙቀት በዐሥር ዲግሪ ቢጨምር ሰዓቱ በቀን አምስት ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ከመንዝ ደጋ ወርዶ በጀማ ሸለቆ በኩል መራቤቴ የገባ ሰዓት ሙቀቱ ያዘገየዋል፤ የቦታው ዝቅ ማለት ደግሞ ያፈጥነዋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲጓተቱ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ይኖራል።

ከሣህለ ሥላሴ በኋላ ሰዓት ከጌጥነት ወደ አስፈላጊነት የተሻገረው በልጅ ልጃቸው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቈይም፤ ታሪኩ በየመማሪያ መጽሐፋችን አለ። ፖስታ፣ ስልክ፣ በ1905 የተቋቋመው ባንክ፣ በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ሁሉም በሰዓት የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ባቡር ጥላ ሰፍሮ አይነሣም። በአዲስ አበባ ከተቀመጡት አርመኖችም መካከል ወርቅ አንጥረኞችና ሰዓት ሠሪዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዓት በፋብሪካ በብዛት ይሠራ ስለ ነበር ዋጋው ወርዶ ነበር፤ በ1861 በሽራምበርግ የተመሠረተው የጀርመኑ ዩንግሃንስና በ1892 በቶኪዮ የተጀመረው ሴይኮሻ ከታወቁት ናቸው።

ለንጉሥ ብቻ ይመጣ የነበረው ዕቃ እንዲህ ሆኖ ወደ ባላገር እልፍኝ ገባ። ወደ ደጋው መንደር ያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ አገልግሎት የተመለሱ ወታደሮችና ሹማምንት፣ ነጋዴዎችም ናቸው። ገብቶም እንደ እንግዳ አልቀረም፤ ከእመቤታችን ሥዕል ቀጥሎ፣ ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ በላይ ይሰቀላል፤ ከሣጥኑ በላይ የሴቶች ልጆች የሠሩት ዳንቴል ይነጠፍለታል። በመንዝ ባና በተነጠፈበት መደብ ፊት ለፊት፣ በድንጋይ ግድግዳ ላይ የእንጨት ሣጥን ያለው ሰዓት ተሰቅሎ ማየት የትም የማይገኝ መልክ አለው። አንዳንድ የከተማ ሰው በየሳሎኑ አሮጌ ሰዓት ሲሰቅል አይቻለሁ፤ የሚያምር ነው፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ የቆሙ ናቸው። ባለቤቶቹን ብትጠይቋቸው «ለጌጥ ነው» ይላሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ከላይ እንዳልሁት ሰዓት ወደ አገራችን የገባውም ለጌጥ ነው። ሆኖም ሣህለ ሥላሴ ፊት የቀረቡት ጌጦች እንኳ ይደውሉ ነበር። ብዙዎቹ የግድግዳ ሰዓቶች በስምንት ቀን አንድ ጊዜ መሞላት ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ ያለው ቀዳዳ ለጉዞው፣ በስተግራ ያለው ለደወሉ ነው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሰዓት የሚሰቅል ሰው የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። በደጋ ቤት ዋናው ጠላት ጢስ ነው፤ ጥቀርሻ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጥርሶቹን እንደ አሸዋ ይፈጫቸዋል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ፣ ወይም ጢሱ በሚወጣበት ወገን አይሰቀልም። የምግብ ዘይትና ቅቤ መቀባትም ኋላ እየረጋ ስለሚይዘው ይጎዳዋል። የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ እምብዛም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሣጥኑ በቱንቢ ተለክቶ ካልተሰቀለ «ቀጭ» እና «ቀጭ» የሚለው ምት እኩል ሳይሆን ያነክሳል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ይቆማል። ብዙ «ተበላሽቷል» የተባለ ሰዓት የተጣመመ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሆኖ ይገኛል። እንጨቱን እንደ አዲስ በቫርኒሽ መቀባት፣ የቁጥሩንም ገጽ በአዲስ መለወጥ ለዓይን ቢያምርም ጥንታዊነቱን ይገፍፈዋል፤ ይህን የሚያደርጉ ሰብሳቢዎች የገዙትን ነገር ራሳቸው ያጠፉታል።

በ1969 ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ በኋላ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት በዓለም ሁሉ እየረከሰ ሄደ፤ በኛም መንደር የፕላስቲክ ሰዓት የሞላውን ሰዓት ቦታ ያዘ። በትክክለኛነት የፕላስቲኩ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከግድግዳ የወረደው አሮጌ ሰዓት ግን ወዴት ሄደ? ጥቂቱ ለልጆች መጫወቻ ሆኖ መንኰራኵሮቹ ተበተኑ። ጥቂቱን በየመንደሩ የሚዞሩ ገዢዎች በትንሽ ገንዘብ እየወሰዱ በአዲስ አበባ ለቅርሳ ቅርስ ሻጮች ያቀርባሉ። ጥንታዊ ቅርስን የሚመለከተው የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቊጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን በአንድ መንደር ቤት የተሰቀለ ሰዓት ቅርስ መሆኑን የሚናገርለት ሰው ከሌለ አዋጁ ብቻውን አይጠብቀውም። የሰዓት ታሪክ ዋጋውን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረውን የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ የእጅ ሰዓት መመልከት ይበቃል። በ2015 ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከሽያጩ ወጣ፤ በ2017 ግን በጄኔቭ ከሁለት ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ያንን ዋጋ ያወጣው ወርቁ ብቻ አይደለም፤ የማን እንደ ነበረ በመታወቁ ነው።

የኛ ዘመዶች ሰዓት የንጉሥ አይደለም፤ የማን እንደ ነበረ ግን ዛሬ የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ። በዕረፍታችን ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼም ሆነ ወደ መራቤቴ የምንሄድ ተማሪዎች ይህን መጠየቅ እንችላለን፤ ማን ገዛው፣ ከየት መጣ፣ በስንት ብር፣ በምን ተጭኖ፣ ማን ይሞላው ነበር፣ በአገሩ ጊዜ ነው ወይስ በአውሮፓ ጊዜ ይደውል የነበረው፣ መቼ ቆመ። ከገጹና ከመሣሪያው ጀርባ የተቀረጸውን የፋብሪካ ምልክትና ቊጥር መገልበጥም ያስፈልጋል፤ የተሠራበት ዘመን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይገኛልና። መልሱ በእርሳስ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሣጥኑ ውስጥ በበሩ ጀርባ ይለጠፋል። ሰዓቱ ቢሸጥ እንኳ ወረቀቱ አብሮት ይሄዳል። ከኋላ በኩል ፔንዱለሙ አጠገብ መለጠፍ ግን አይገባም፤ ወረቀቱ በእርጥበት ሲነሣ ፔንዱለሙን ይነካና ሰዓቱን ያቆመዋል።